የሰርቪስ ወረቀት የሌለው ቪትዝ፦ ታሪኩ የት የት ነው የተበተነው?

እህቴ፣ ጥያቄሽን ላላዩት ባጭሩ ልድገመው። የ2007 ሞዴል ቪትዝ አግኝተሻል። ክሩስኮቱ 98 ሺህ ኪሎሜትር ይላል። ሻጩ ሦስተኛ ባለቤት ነው፤ "ሰርቪሱን በሰዓቱ ነው ያደረግኩት" ይላል፤ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ግን የለውም። ታሪኩን ከየት ላምጣ ነው ያልሽው።

የመለሱልሽ ሰዎች አብዛኞቹ "መካኒክ ይዘሽ ሂጂ፣ በቃ" ብለዋል። መያዙንስ ያዢ። መካኒኩ የሚነግርሽ ግን መኪናው ዛሬ እንዴት እንዳለ ነው። ሞተሩ ከዚህ በፊት ተፈትቶ እንደሆነ፣ ዘይቱ በስንት ኪሎሜትር ሲቀየር እንደኖረ ቆሞ በማዳመጥ አይታወቅም። እኔ መካኒክ አይደለሁም። በዘመድ ውስጥ ያረጀ መኪና ሲገዛ ወረቀቱንና ሰዉን የማሳድደው ግን እኔ ነኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ ለዚህ ዕድሜ መኪና እኛ አገር የተሟላ የሰርቪስ ደብተር አትጠብቂ። ጃፓን ተሠርቶ፣ ዱባይ መሪው ከቀኝ ወደ ግራ ዞሮ፣ በጅቡቲ ገብቶ፣ ከዚያ እዚህ ከእጅ ወደ እጅ የዞረ መኪና ነው። ደብተሩ አንዱ ቦታ ላይ ቀርቷል። አንቺ የምትፈልጊው ቀንና ኪሎሜትር አብረው የተጻፉበትን ማንኛውንም ነገር ነው። እንዲህ ያለ ሦስት አራት ካገኘሽ በአንድ ገጽ ላይ በቅደም ተከተል አስቀምጪው። ኪሎሜትሩ ወደ ኋላ የተመለሰበት ቦታ ካለ ራሱ ይጮኻል።

ፍለጋውን ከራሱ ከመኪናው ጀምሪ። የሹፌሩን በር ክፈቺና በሩ የሚገጥምበትን ብረት እዪ። ሁለቱንም በር፣ ምክንያቱም መሪው ሲዞር የሹፌሩ በር ተቀይሯል። ኮፈኑን ክፈቺ፤ ከኮፈኑ ሥር፣ የአየር ፊልትሮው ሳጥን ላይ፣ ራዲያተሩ አካባቢ እዪ። ጃፓኖች ዘይት ሲቀይሩ ትንሽ ስቲከር ይለጥፋሉ። የተቀየረበት ቀንና ኪሎሜትር፣ ወይም ቀጣዩ የሚቀየርበት ይጻፍበታል። ቋንቋው አያስፈራሽ፤ የስልክሽን ካሜራ ጉግል ትርጉም ላይ ከፍተሽ ደግኚበት። ከተሳፋሪው ፊት ያለውን ኪስም እስከ ታች በርብሪው። ጃፓን ውስጥ ከመኪናው ጋር የሚሰጥ የጥገና ደብተር አለ፤ አልፎ አልፎ ከመመሪያው መጽሐፍ ጋር ተጣብቆ እዚህ ድረስ ይመጣል። ማንም ማንበብ ስለማይችል ማንም አይጥለውም፣ ማንም አያየውም።

ዓመቱ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ሰው ሁሉ የሚወናበደው እዚህ ነው። ስቲከሩ ላይ 25 የሚል ዓመት ካየሽ የጃፓን የንጉሥ ዘመን ነው። ሄይሴይ የሚሉት ዘመን በ1989 ስለጀመረ 1988 ትደምሪበታለሽ፤ 25 ማለት 2013 በፈረንጅ ነው። ሊብሬው ላይ የተሠራበት ዘመን 2007 የሚለው ደግሞ የፈረንጅ ነው። የድሮ ቦሎ ወይም የኢንሹራንስ ወረቀት ላይ 2007 ካገኘሽ ግን የእኛ ነው፤ በፈረንጅ 2014 መጨረሻና 2015 ማለት ነው። በአንድ መኪና ላይ ሦስት ካሌንደር አለ። ሁሉንም ወደ አንዱ ሳትቀይሪ ምንም አትደምድሚ።

ለአክስቴ ልጅ ስንገዛ ያየነው ቪትዝ ክሩስኮቱ 81 ሺህ ይል ነበር። በሩ ጋ ያለው ስቲከር 25ኛው ዓመት ላይ 93 ሺህ ከምናምን ይላል። ማለትም መኪናው ጃፓን እያለ፣ ክሩስኮቱ ዛሬ ከሚለው የበለጠ ተነድቷል! ሻጩን ስናሳየው ከልቡ ነው የደነገጠው። እሱም ሲገዛ "ኦሪጅናል ኪሎሜትር" ተብሎ ነው የተሸጠለት። በእነዚህ የቆዩ ቶዮታዎች ላይ ቁጥሩ የሚቀመጠው እዚያው ክሩስኮቱ ውስጥ ስለሆነ መቀነስ ቀላል ሥራ ነው፤ ከዱባይ እስከ አዲስ አበባ የትም ሊደረግ ይችላል። ስለዚህ ሻጩን ሌባ ብለሽ አትጀምሪ። ስቲከሩን አሳይተሽ ዝም በዪ፤ ዋጋው ራሱ መንቀሳቀስ ይጀምራል።

ጃፓን ላይ ሌላም ወረቀት አለ። መኪና ከዚያ ሲወጣ ኤክስፖርት ሰርተፊኬት ይሰጠዋል። መጀመሪያ የተመዘገበበት ጊዜና በምርመራ ላይ የተነበበው ኪሎሜትር አለበት። የጃፓን የግል መኪና አዲስ ሆኖ በሦስት ዓመቱ፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ ይመረመራል። ኮፒው አስመጪው ጋ ወይም ከጉምሩክ ዲክላራሲዮኑ ጋር ታጥፎ ሊገኝ ይችላል። ሻጩ ዲክላራሲዮን ካለው ለብቻው አትቀበዪ፤ "አብሮት ያለውን ሁሉ" በዪው። በሻንሲ ቁጥር የጃፓን ጨረታ መረጃ እናወጣለን የሚሉ ድረ ገጾችም አሉ። አንዳንዶቹ የእውነት ናቸው፤ ሌሎቹ ብርሽን ይበላሉ። ቢያንስ የመኪናሽን ፎቶ በከፊል ሳያሳዩሽ አትክፈዪ።

አሁን ወደ ሰዎቹ። ለእኔ ከስቲከር ሁሉ የሚበልጠው ይሄ ነው፤ የሚያደርገው ሰው ግን ጥቂት ነው። የቀድሞ ባለቤቶቹን ፈልጊና ደውዪላቸው።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የሻጩ ካልሆነ አትገረሚ። ብዙ መኪና ስሙ ሳይዞር በውክልና ይሸጣል፤ አንዳንዴ በውክልና ላይ ውክልና። ለገዢ ራስ ምታት ነው፣ ለአንቺ ፍለጋ ግን ሲሳይ ነው። ውክልናውና የሽያጭ ውሉ ላይ ሙሉ ስምና አድራሻ አለ። ሻጩ የሸጠለትን ሰው ስልክ ጠይቂው፤ እሱ ደግሞ የበፊቱን። "ስልኩ ጠፍቶብኛል" ካለሽ ደላላው ጋ አይጠፋም።

ስትደውዪ ግን አጀማመሩን እወቂበት። የቀድሞ ባለቤት "ስለ መኪናህ ነበር" ሲባል መጀመሪያ የሚታሰበው ክስ፣ አደጋ ወይም የትራፊክ ቅጣት ነው፤ በተለይ ስሙ ሊብሬው ላይ ቀርቶ ከሆነ። ስለዚህ ሰላምታ ካልሽ በኋላ ቶሎ "ምንም ችግር የለም፣ መኪናውን ልገዛው ስለሆነ ነው" በዪ። አንድ አባት እንዲህ ስላቸው መጀመሪያ ያሉኝ "ልጄ፣ እባክህ ስሙን አዙርልኝ!" ነው። ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማቸው! ሰውዬው አሁን የሚሸጡት ነገር የለም፤ የሚደብቁበት ምክንያትም የለም። አባይ በረሃ ላይ ሞተሩ ግሎ የቴስታታው ጓርኒሽን (የሞተሩ ራስ ማሸጊያ) እንደተቃጠለ፣ የት ጋራዥ እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራው ነገሩኝ። ሻጩ ግን "ሞተሩ ንክች ያላለ፣ የሴት አያያዝ" እያለ ሲምል ነበር። የሚገርመው እሱም አልዋሸም፤ አያውቅም ነበር።

"ጥሩ ነበር?" ብለሽ አትጠይቂ፤ ሁሉም ጥሩ ነበር ነው የሚልሽ። የት ነበር ዘይት የምትቀይረው? ሞተር ወይም ካምቢዮ ወርዶ ያውቃል? ራይድ ሠርቶበታል? ስትሸጠው ኪሎሜትሩ ስንት ነበር? የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ያስታውሳታል፤ ሲሸጥ ማስታወቂያው ላይ የጻፋት ናት። ስልኩ ውስጥ የድሮውን ፎቶ ፈልጎ የሚልክልሽም አይጠፋም። ክሩስኮቱ የሚታይበት አንድ ፎቶ ከአንድ ደብተር ይበልጣል፤ ቀኑ አብሮት አለ።

የጋራዡን ስም ካገኘሽ ሂጂ፤ ከተቻለ ከሻጩ ጋር፣ ሊብሬውን ይዛችሁ። ትልልቆቹ ቦታዎች፣ ለምሳሌ የቶዮታ ወኪሉ ሞኤንኮ፣ በሰሌዳ ወይም በሻንሲ ቁጥር የሥራ መዝገብ አላቸው። ቪትዝ እዚያ የመግባት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ለሀይሉክስና ለላንድክሩዘር ግን መጀመሪያ የምሄደው እዚያ ነው። የሰፈር ጋራዥ ኮምፒውተር የለውም፤ ማን ምን እንደቀየረ የሚያስታውስ ባለሙያና ዱቤ የሚጻፍበት ደብተር ግን አለው። መለዋወጫ የተገዛበት ደረሰኝ ላይም ቀን አለ።

ላንድክሩዘር ካነሳሁ አይቀር፣ ከድርጅት ወይም ከመንግሥት በጨረታ የወጣ መኪና የሚገዛ ሰው ካለ ሎግ ቡኩን ይጠይቅ። እያንዳንዱ ጉዞ በኪሎሜትር የሚጻፍበት ነው። ጨረታው ካለፈ በኋላ ማንም ስለማይፈልገው ስቶር ውስጥ ተቀምጦ ይኖራል።

ቦሎም ታሪክ ይናገራል። የድሮዎቹን የምርመራና የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ወረቀቶች ጠይቂና ዓመቶቹን ደርድሪ። መሀል ላይ አንድ ዓመት ከጎደለ ያ ዓመት የት ነበር? ቆሞ ነበር? ለምን ቆመ? ተጋጭቶ፣ የውርስ ክርክር ገብቶበት ወይም ባለቤቱ ውጭ ሄዶ ሊሆን ይችላል። ተገጭቶ ሙሉ ኢንሹራንስ ከነበረው የካሳ ፋይሉ ድርጅቱ ጋ አለ፤ የቀድሞው ባለቤት ጠይቆ ሊያወጣልሽ ይችላል።

ከጃፓን ውጭ ለመጣ መኪና ነገሩ ይቀላል። 17 ፊደልና ቁጥር ያለው ሻንሲ "ቪኤንኬ" ብሎ የሚጀምር ያሪስ (ቪትዝ በአውሮፓ ስሙ) ፈረንሳይ የተሠራ ነው። የኋላ መስታወት ላይ ወይም የሰሌዳ ማቀፊያው ላይ የአውሮፓው ሻጭ ስም ካለ ኢሜይል ጻፊላቸው፤ የባለቤቱን ስም ባይሰጡሽም ሰርቪስ የተደረገበትን ቀንና ኪሎሜትር የሚሰጡ አሉ። ቤልጂየም ካር ፓስ የሚባል የኪሎሜትር መዝገብ አላት፤ የደች መኪና ደግሞ የድሮ ሰሌዳው ከታወቀ መንግሥታዊው መዝገብ በነፃ ይታያል። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ካርፋክስ አለ። እዚያ ያለ ዘመድ ያግዝሽ፤ ክሩስኮቱ በማይል መሆኑንም አትርሺ።

የደላላ ወሬ መፈተኛ አንድ ነገር ልስጥሽ። "ታይሚንግ ቺንጋው በቅርቡ ተቀይሯል" ካሉሽ ሳቂ። የቪትዝ ሞተር፣ ባለ 1 ሊትሩም ባለ 1.3ቱም፣ ታይሚንግ ቺንጋ የለውም፤ ሰንሰለት ነው። ቺንጋ የድሮዎቹ ኮሮላዎች ነገር ነው፤ 4ኤ ሞተር ያላቸው። የማያውቀውን ሰርቪስ አደረግኩ የሚል ሰው ሌላውንም እንደዚያው ነው የሚነግርሽ።

ጎማውንም እዪ። ጎኑ ላይ ካሉት ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራቱ ጎማው የተሠራበት ሳምንትና ዓመት ናቸው፤ 1419 ማለት 2019 14ኛው ሳምንት። ቁልፉን ስታዞሪ የኤርባግ መብራት በርቶ መጥፋት አለበት። ጭራሽ ካልበራ መሪው ሲዞር ኤርባጉ ወጥቶ ይሆናል። ካለም፣ በዚያ ዘመን ብዙ ቶዮታዎች ታካታ የሚባል ኩባንያ በሠራው ችግር ያለበት ኤርባግ ምክንያት ለጥገና ስለተጠሩ፣ የጃፓን ቶዮታ ድረ ገጽ ላይ የሻንሲ ቁጥሩን አስገብተሽ እዪው።

ይህን ሁሉ አድርገሽም ባዶ ቦታ ይኖራል። ማስረጃ ያልተገኘለትን ሰርቪስ እንዳልተደረገ ቁጠሪውና ወጪውን ከዋጋው ላይ አስቀንሺ። የሞተር ዘይትና ፊልትሮ፣ የራዲያተር ውሃ፣ የፍሬን ዘይት፣ ካንዴላ፣ የካምቢዮ ዘይት። "ከጥር 2016 ጀምሮ የነዳጅ መኪና መግባት ቆሟል፣ ሌላ አታገኚም" እያሉ ያጣድፉሻል። መቆሙ እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ውስጥ ቪትዝ ግን ገና አላለቀም።

የካምቢዮ ዘይቱ ላይ አደራ። ሻንሲው "ኤስሲፒ90" ብሎ የሚጀምር ባለ 1.3 አውቶማቲክ ከሆነ ሲቪቲ (ደረጃ በደረጃ ማርሽ የማይቀይር ካምቢዮ) ነው፤ የራሱ ዘይት አለው። ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የሚሞሉበት ጋራዦች አሉ። ስለዚህ ከቀድሞዎቹ ባለቤቶች አንዱን እንኳ ካገኘሽ የካምቢዮ ዘይት የት እንዳስቀየረ ሳትጠይቂ ስልኩን አትዝጊ። "ኬኤስፒ90" ከሆነ ባለ 1 ሊትሩ ነው፤ እሱ ላይ ስጋቱ ያነሰ ነው። ሻንሲው በምን እንደሚጀምር እዚሁ ጻፊልኝ፤ ሙሉ ቁጥሩን ግን አታውጪው። የበሩን ስቲከር ፎቶ ካነሳሽም ለጥፊው፣ አብረን እናነበዋለን።