አርባ ሰው «እሺ» ብሎ አራት ሰው ሲመጣ

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ዘንድሮ በልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጅ መምህር ኅብረት ኮሚቴ ውስጥ ተመርጫለሁ። ሰኔ መጨረሻ ላይ የወላጆች ቀን እናዘጋጃለን። ልጆቹ መዝሙርና ድራማ ያቀርባሉ፣ ምግብ ይሸጣል፣ ገቢው ለቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ መግዣ ይሆናል። ቴሌግራም ግሩፑ ላይ «በጎ ፈቃደኛ እንፈልጋለን» ብዬ ስጽፍ አርባ የሚሆኑ ወላጆች «እሺ፣ አለሁ» አሉ። ስብሰባ ስጠራ የመጡት ግን አራት ናቸው። አምናም እነዚሁ ሴቶች ሲያበስሉ አድረው፣ የገዛ ልጆቻቸው መድረክ ላይ ሲዘምሩ እንኳ ሳያዩ ቀሩ። ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል፤ እኛ ጋ ሎሚው ሁሉ አራት ሰው ላይ ነው። ምን ይሻላል?
የሁለት ልጆች እናት

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ስብሰባ መጥራቱን ተይው። ስብሰባ ያልመጣ ሁሉ ሥራ አይሠራም ማለት አይደለም። ከሥራ ወጥቶ፣ ታክሲ ተሰልፎ፣ ልጅ አብልቶ ማታ ለስብሰባ ተመልሶ የሚወጣ ሰው ጥቂት ነው። ጥሪውም በጣም ሰፊ ነው። ምን እንደሚሠራና ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ያልተነገረው ሰው «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ሌላው ይሠራዋል ብሎ ይረሳዋል።

ሥራውን ቆራርሰሽ፣ በሰዓት ለክተሽ ለሰው በስሙ ስጪ። ጠዋት ልጅ ሲያደርሱ በሩ ላይ ጠብቂና «የናሆም አባት፣ ቅዳሜ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ወንበር ያወርዱልናል?» በይ። እንዲህ ፊት ለፊት ተጠይቆ «አይ» የሚል ብዙ የለም፤ የማይችልም ከሆነ እዚያው ይነግርሻል፣ አንቺም በጊዜ ሌላ ሰው ትፈልጊያለሽ። ቅዳሜ ሥራ ያለበት ሰው ቤቱ ሳምቡሳ ሠርቶ ይላክ ወይም ድስት ያበድር። አባቶችን ደግሞ ድንኳንና ጄኔሬተር ላይ ብቻ አትመድቢ፤ ሽንኩርት መላጥና ሳህን ማጠብ ማንም ይችላል።

ልጆቻቸውን ሳያዩ ስለቀሩት እናቶች የጻፍሽው በጣም ነው ያሳዘነኝ። የመድረኩን ቅደም ተከተል ከመምህራኑ ቀድመሽ ተቀበይና የሥራ ተራውን በእሱ ላይ አውጪ። የ2ኛ ክፍል ልጆች ሲያቀርቡ ወጥ ቤቱን የ6ኛ ክፍል ወላጆች ይያዙት፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ሁለት ክፍል ልጅ ያላት እናት ካለች ሁለቱንም ሰዓት ነፃ አድርጊላት። ይህን ግድግዳ ላይ በትልቁ ጽፈሽ ለጥፊው፣ ማንም ልመና ውስጥ አይግባ።

ምግቡን በሙሉ የጾም አድርጉት። ሰኔ መጨረሻ የሰኔ ጾም ነው፣ የሚፈታው ሐምሌ 5 ነው። ሥጋ ከገባ ደግሞ የክርስቲያንና የሙስሊም ተብሎ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ጠረጴዛ ይመጣል። ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ የምስር ሳምቡሳ፣ ፈንዲሻና ቡና ሁሉንም ሰው አንድ ማዕድ ላይ ያስቀምጣል፣ ወጪውም ይቀንሳል።

ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት ከሰፈሩ እድር ጠይቁ። ለቅሶ ከመጣ ግን ቅድሚያው ለለቅሶ ነውና የሚያከራይ ሰው ስልክ ከወዲሁ ያዙ። ፕሮግራሙ ጠዋት 3 ሰዓት ይጀመር። በሰኔ ዝናቡ የሚበረታው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እስከ 7 ሰዓት ብትጨርሱ ጥሩ ነው። የሐበሻ ቀጠሮ እንዳይሆን ትንንሾቹን ልጆች መጀመሪያ አስገቧቸው፤ የልጁ ተራ እንዳያመልጠው የፈራ ወላጅ በሰዓቱ ይገኛል።

ቶምቦላ ካሰባችሁ ፈቃድ የሚያስፈልገው ነገር ነው፤ ጊዜ ከሌላችሁ ኬክ ወይም የልጆቹን ሥዕል በጨረታ ሽጡ። ምግብ የሚሸጠው በኩፖን ይሁን፣ ብር የሚነካው አንድ ጠረጴዛ ብቻ ይሁን። ቴሌብርም ሆነ ባንክ የሚገባው በትምህርት ቤቱ ሒሳብ እንጂ በማንም ግለሰብ ስልክ አይሁን። ማታውኑ ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም። የገባው፣ የወጣውና የተረፈው በሳምንቱ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ይለጠፍ፤ መጽሐፉ ሲገዛም ደረሰኙ እዚያው ይጨመር።

አንድ ነገር ልጨምር፦ ለጽዳት ሌላ ቡድን መድቢ። ከጠዋት ጀምሮ የቆመ ሰው መጥረጊያ አይያዝ። ከ7 እስከ 8 ሰዓት ብቻ የሚመጡ ስምንት ሰዎች ይበቃሉ፤ ስማቸውን አሁኑኑ ያዢ።