መልስ፦ ምጣድና ማሞቂያ አብረው ሲበሩ ብሬከሩ ለምን ይወርዳል?

ወንድሜ፣ ቱሉ ዲምቱ አዲስ የገባህበት ቤት እንጀራ እየተጋገረ የሻወር ማሞቂያ ሲበራ ብሬከሩ ይወርዳል፣ በትልቅ ልቀይረው ወይ ብለሃል። እባክህ እንዳታደርገው! ብሬከሩ የሚወርደው ገመዱ እንዳይቃጠል ነው።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ብሬከርህ 25 አምፔር ከሆነ፣ በ220 ቮልት የሚችለው 5,500 ዋት ነው። ምጣዱ ብቻውን 3,500 ዋት ገደማ ይስባል። ማሞቂያው 2,000 ሲጨምርበት ጫፍ ደረሰ። ፍሪጁ ሲነሳማ አለቀ።

እኛ ቤት የምጣዱ ሶኬት ጠቁሮ ቀልጦ ነበር። ግድግዳው ሲነካ ይሞቅ ነበር፤ ሽታውን ቀድማ የለየችው እናቴ ናት። አሁን ምጣዱ ከማከፋፈያው (ብሬከሮቹ ካሉበት ሳጥን) የራሱ ወፍራም ገመድና የራሱ ብሬከር አለው። አንተም ይህንን በባለሙያ አሠራ።

ለጊዜው ሁለቱን አብረህ አታብራ። ለዘለቄታው ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ (ኃይል በሦስት መስመር የሚያስገባ) እንዲገባልህ ለመብራት ኃይል አመልክት፤ ጭነቱ ለሦስት ይከፈላል።

ብሬከሩ ሳይወርድ ማታ ማታ አምፖሉ የሚደበዝዝ ከሆነ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሲጠቀም ትራንስፎርመሩ ወይም መስመሩ አልቻለም ማለት ሊሆን ይችላል። እሱን ለብቻህ ሳይሆን ከጎረቤቶችህ ጋር ሆነህ አመልክት።