የሱሉልታ ውርጭ ሰብአርክቲክ ያሰኛል?

እህቴ፣ «ጎመኔን ውርጭ መታው፤ ጠዋት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ሱሉልታም እንደ ሳይቤሪያ ሰብአርክቲክ ናት ማለት ነው?» ብለሽ ጠይቀሻል። አይደለችም። ሰብአርክቲክ ማለት ከሰሜን ዋልታው ከአርክቲክ ዝቅ ብሎ ያለው የብርድ አገር የአየር ንብረት ነው። እኔም እዚሁ ሱሉልታ ነው የምኖረው። ካናዳ ውስጥ የሎውናይፍ ከተማ ሁለት ዓመት ስለሠራሁ ልዩነቱን በአካል አውቀዋለሁ።

እዚያ የጥር አማካይ ሙቀት ከዜሮ በታች 25 ዲግሪ አካባቢ ነው። መኪና ስታቆሚ የሞተር ማሞቂያውን ገመድ ሶኬት ላይ ትሰኪያለሽ። ከረሳሽ ጠዋት አይነሳም። መጀመሪያ ሰሞን ከቤት ወጥቼ አየር ስስብ የአፍንጫዬ ፀጉር ደርቆ ሲንኮሻኮሽ ተሰምቶኛል። ሐምሌ ላይ ግን እዚያው ከተማ 17 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፤ ሰዉ በካናቴራ ይሄዳል።

ሰብአርክቲክ የሚያሰኘው ይሄ ነው። የብርዱ ጊዜ ረጅም ነው (ክረምት አላልኩም፣ የእኛ ክረምት ዝናብ ነው)። አማካይ ሙቀታቸው ከ10 ዲግሪ የሚያልፍ ወራት ደግሞ ከ1 እስከ 3 ብቻ ናቸው። የእኛ ብርድ ግን የከፍታ ነው። ሌሊት ሰማዩ ጥርት ሲል መሬቱ ሙቀቱን ይለቅና ውርጭ ይጥላል። 3 ሰዓት ላይ ብትወጪ ሣሩ ረጥቦ ታገኚዋለሽ፣ ነጩ የለም። በወራት መካከል ያለው የአማካይ ልዩነት ጥቂት ዲግሪ ነው።

የት ይገኛል ላልሽው፣ በአብዛኛው በሰሜን ከ50 እስከ 70 ዲግሪ ኬክሮስ መካከል ነው፦ አላስካ፣ ሰሜን ካናዳ፣ ሰሜን ስካንዲኔቪያ፣ ሳይቤሪያ፣ እስከ ሰሜን ሞንጎሊያ። በብርዱ ወራት ፀሐይ ዝቅ ብላ ለጥቂት ሰዓት ብቻ ትታያለች። በዚያ ላይ የብሱ ሰፊ ነው። የብስ ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይቀዘቅዛል፤ ባሕር ግን ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ከባሕር በራቅሽ ቁጥር ልዩነቱ ይሰፋል። ሳይቤሪያ ያለችው ቬርኮያንስክ በ1892 እንደ ፈረንጆቹ ከዜሮ በታች 67.8 ዲግሪ ተመዝግቦባታል። በሰኔ 2020 ደግሞ 38 ዲግሪ ደረሰች! አንድ ከተማ ከመቶ ዲግሪ በላይ ሲለዋወጥባት አስቢው።

በደቡብ በኩል የለም ማለት ይቻላል። በዚያ ኬክሮስ ያለው ውቅያኖስ ነው፤ የደቡብ አሜሪካ ጫፍም ቀጭን ስለሆነ ባሕሩ ያለዝበዋል።

ጎመንሽን ግን ሰማዩ ጥርት ያለ ማታ በጆንያ ወይም በገለባ ሸፍኚው፤ ጠዋት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጪው። የእኔ ዘንድሮ በዚህ ነው የተረፈው።