ስለ ድራማዎቹ ሦስት ገጽ፣ ስለ አባትሽ ግማሽ መስመር

ጥያቄ

ውድ የአምዱ አዘጋጅ፣

ጥያቄዬ ለሌላ ሰው ተራ ሊመስል ይችላል፤ እኔን ግን ከባለቤቴ ጋር አኳርፎኛል። ማታ ማታ ልጆቹ ከተኙ በኋላ ተከታታይ ድራማ አያለሁ። ባለቤቴ «የሌለ ሰው ችግር ተሸክመሽ እንቅልፍሽን ታጫለሽ» ይለኛል። ባለፈው ሳምንት እያለቀስኩ አገኘኝና አንድ ቃል ሳይናገር ቴሌቪዥኑን አጥፍቶ ወደ መኝታው ሄደ። ከዚያ ወዲህ በቅጡ አልተነጋገርንም።

ያገኘሁትን ሁሉ የማይ ሰው አይደለሁም። አሁን የምወዳቸው ሦስት ናቸው።

የመጀመሪያው «ዘ ፒት» ነው። ታሪኩ ፒትስበርግ ከተማ በሚገኝ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ያልፋል። አንዱ ምዕራፍ አንድ የሥራ ፈረቃ ነው፤ 15 ክፍል፣ ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ። ሐኪሞቹ ከአልጋ ወደ አልጋ ሲሮጡ እኔም ሶፋዬ ላይ ሆኜ አብሬ እሮጣለሁ። ከልቤ አልወጣ ያለኝ ግን የአንድ አዛውንት ነገር ነው። ሁለት ልጆቻቸው፣ ወንድምና እህት፣ አባታችን በመተንፈሻ ቱቦ ይቆይ ወይስ በሰላም ይረፍ በሚለው መስማማት አቅቷቸዋል። በመጨረሻ ዋናው ሐኪም ሮቢ ከመምህሩ የተማረውን የሃዋይ ሰዎች ልማድ ይነግራቸዋል። ለሚለያችሁ ሰው አራት ነገር በሉት ይላቸዋል፦ እወድሃለሁ፣ አመሰግንሃለሁ፣ ይቅር ብዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። ይህን ክፍል አራት ጊዜ አይቼዋለሁ።

ሁለተኛው «ሴቨራንስ» ነው። የአንድ ኩባንያ ሠራተኞች በቀዶ ጥገና ትዝታቸው ለሁለት ይከፈላል፤ መሥሪያ ቤት ያለው ሰው ቤቱን አያውቅም፣ ቤት ያለውም መሥሪያ ቤቱን አያውቅም። ማርክ ይህን የመረጠው ሚስቱን ካጣ በኋላ ነው፤ በቀን ለጥቂት ሰዓታት ሐዘኑን ላለማወቅ። ሌላው ተመልካች ስለ ኩባንያው ምስጢር ይከራከራል። እኔ ዓይኔ የሚከተለው ማርክን ነው፤ ጠዋት መኪናው ውስጥ ብቻውን አልቅሶ ወደ ሥራ ሲገባ፣ ከዚያም ሊፍቱ ውስጥ ፊቱ በአንድ ቅጽበት የሌላ ሰው ፊት ሲሆን።

ሦስተኛው «አዶለሰንስ» ነው። አራት ክፍል ብቻ ነው። የ13 ዓመት ልጅ አብራው የምትማር ልጅ ገድሏል ተብሎ ይያዛል። በመጨረሻው ክፍል አባቱ ባዶውን የልጁን መኝታ ክፍል ከፍቶ ይገባል፤ ከዚያ የልጁን የጨርቅ ድብ አልጋው ላይ አስተኝቶ ያለብሰውና ይቅርታ ይጠይቃል። ባለቤቴ ቴሌቪዥኑን ያጠፋብኝ እዚያ ላይ ነው።

እንዲህ ማየት ያበዛሁት አባቴ ባለፈው ዓመት ካረፈ ወዲህ እንቅልፍ እምቢ ስላለኝ ነው፤ ስለዚህ ጊዜዬን አባከንኩት ማለት ይከብደኛል። ባለቤቴን እንዴት ላስረዳው? ወይስ እሱ ነው ትክክል?

አንዲት ተመልካች

መልስ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ በሁለቱም ጊዜ የተለያየ መልስ መጣልኝ። ሁለቱንም እጽፍልሻለሁ።

በመጀመሪያ ስለ «የሌለ ሰው»። ተመልካች በስክሪን ብቻ የሚያየውን ሰው እንደሚያውቀው ወዳጅ መቁጠሩ አዲስ ነገር አይደለም። ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ገና በ1956 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል። እንኳን እንዲህ በብርቱ እጅ የተሠራ ሥራ ቀርቶ ተራውም ያደርገዋል። አንቺ የመረጥሻቸው ደግሞ ተመልካችን ከሰዎቹ አጠገብ ለማስቀመጥ ታስበው የተሠሩ ናቸው።

«ዘ ፒት»ን ልብ ብለሽ አድምጪው፤ ከበስተጀርባ ሙዚቃ የለውም ማለት ይቻላል። በሌላ ድራማ የት ጋ ማልቀስ እንዳለብን ቫዮሊኑ ይነግረናል። እዚህ የሚሰማሽ የመሣሪያው ድምፅና የሰው ትንፋሽ ነው፤ እንባሽ የመጣው ማንም ሳይጠራው ነው። ጊዜውንም ተመልከቺ። በመጀመሪያው ክፍል ተራ ሲጠብቁ ያየሻቸው ሰዎች ከሰዓታት በኋላም እዚያው ተቀምጠው ታገኛቸዋለሽ። አብረሻቸው ጠብቀሻል፤ ስለዚህ እንግዳ አይሆኑብሽም። ሮቢን የሚጫወተው ኖዋ ዋይልም በ1994 እ.ኤ.አ. በጀመረው «ኢ.አር.» የተባለ የሆስፒታል ድራማ ላይ ወጣት የሕክምና ተማሪ ሆኖ የተወነ ሰው ነው። ያኔ ያየው ተመልካች ዛሬ ያንኑ ፊት ሸብቶ፣ ደክሞ፣ ሌሎችን ሲያስተምር ያገኘዋል። ይህን ያህል ዓመት ፊቱ ላይ የሚያሳይ ሜካፕ የለም።

«አዶለሰንስ» ደግሞ እያንዳንዱ ክፍል ካሜራው አንዴም ሳይቋረጥ የተቀረጸ ነው። ምስል ሲቆረጥ ተመልካች ትንሽ ያርፋል፤ ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው፣ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ሲዘል ልባችንም ይተነፍሳል። እዚያ ድራማ ውስጥ ግን መተንፈሻ የለም። ፖሊስ በሩን ሰብሮ ከገባበት ቅጽበት ጀምሮ ከቤተሰቡ ጋር ታስረሻል። እንዲህ ያለ ሥራ አይቶ የሚያለቅስ ሰው ጊዜውን አባከነ አልልም፤ የተሰጠውን በአግባቡ ተቀበለ እላለሁ።

ሁለተኛው ንባቤ ግን ሌላ ነገር አሳየኝ። ሦስቱ ድራማዎችሽ አይመሳሰሉም፤ አንዱ ሆስፒታል፣ አንዱ እንግዳ መሥሪያ ቤት፣ አንዱ የወንጀል ታሪክ ነው። አንቺ ግን ከሦስቱም የመረጥሽልኝ አንድ ነገር ነው። የሚሞት አባትና ልጆቹ። ሐዘኑን ላለማወቅ አእምሮውን ያስከፈለ ሰው። ባዶ አልጋ አጠገብ ይቅርታ የሚጠይቅ አባት። ስለ እነዚህ ሦስት ገጽ ጽፈሽልኛል፤ ስለ አባትሽ ግን ግማሽ መስመር፣ ያውም ስለ እንቅልፍሽ ስታወሪ በመካከል አስገብተሽ።

ልሳሳት እችላለሁ። ነገር ግን ያንን ክፍል አራት ጊዜ ያየሽው አዛውንቱን ስለወደድሽ ብቻ አይመስለኝም። ከአራቱ ቃላት መካከል ለአባትሽ ሳትነግሪው የቀረ ያለ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ባለቤትሽ እንምጣ። ቴሌቪዥኑን ማጥፋቱ ትክክል አልነበረም፤ ይህን በግልጽ ልትነግሪው ይገባል። ሆኖም እሱ ያየው ምን እንደነበር አስቢ፤ ሚስቱ በሌሊት ስታለቅስ አየ፣ ከፊቷ የበራ ነገር አየ፣ የሚያስለቅሳት እሱ መሰለው። አባትሽን ከዚያ ለቅሶ ጋር እንዲያገናኘው ማን ነገረው? ለእኔ የነገርሽኝ እንኳ በግማሽ መስመር ነው። ስለዚህ ድራማውን አታስረዪው። ምን ያህል ጥሩ ሥራ እንደሆነ፣ ስንት ሽልማት እንዳገኘ መንገርም አይጠቅምሽም። ስለ አባትሽ ንገሪው።

ከዚያ ፈቃደኛ ከሆነ አንድ ክፍል ብቻ አብሮሽ እንዲያይ ጠይቂው፤ ያንን፣ የመጀመሪያውን ምዕራፍ አራተኛ ክፍል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ካላየህ አይገባህም አትበዪው፤ የአዛውንቱን ነገር በሁለት ዓረፍተ ነገር ነግረሽው ተቀመጡ። እያየ ሳለ ፊቱን አትመልከቺ፤ አለቀሰ አላለቀሰ ብሎ የሚጠባበቅ ሰው አጠገብ ማንም በነፃነት ማየት አይችልም። ክፍሉ ሲያልቅ ቀጣዩ በራሱ እንዳይጀምር አስቀድመሽ አጥፊው፤ ያቺ ጸጥታ ታስፈልጋችኋለች። የቀረችሽን ቃል ያን ጊዜ ንገሪው።

እንቅልፉን በተመለከተ፣ ዓመት የሞላው ከሆነ ሐኪም አማክሪ፤ ይህን ለድራማ የምንተወው ጉዳይ አይደለም። «አዶለሰንስ»ንም እኩለ ሌሊት ላይ ብቻሽን አትድገሚው። «ዘ ፒት» በወጣበት ጊዜ በሳምንት አንድ ክፍል ነበር የሚተላለፈው፤ አንቺም እንደዚያው ብታደርጊ ከአንዱ ክፍል እስከ ቀጣዩ የምታወሩበት ሳምንት ይኖራችኋል።

ደግመሽ እንድትጽፊልኝ እፈልጋለሁ። በዚህኛው ደብዳቤ ስለ ድራማ ግማሽ መስመር ይበቃኛል። አባትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበር?