ፎርሙ ላይ ያለችው ሳጥን

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። አሜሪካ የምኖር እናት ነኝ፣ ልጄ 12ኛ ክፍል ነች፣ ኮሌጅ አፕላይ እያደረገች ነው። ፎርሙ ላይ ዘርሽን ምረጪ የሚል ሳጥን አለ። አባቷ፣ ፍርድ ቤት ዘር ማየት ከልክሏል፣ ባዶውን ተይው፣ ከፎርሙ ጋር የምትልኪው ድርሰት (ኤሴይሽ) ላይም ጥቁር የምትል ቃል እንዳትገባ ይላታል። እሷ ደሞ የጻፈችው 9ኛ ክፍል እያለች የሂሳብ አስተማሪዋ ውጤቷን እንኳ ሳያይ "ይሄ ክፍል እንደናንተ ላሉ ልጆች ይከብዳል" ብሎ ወደ ታችኛው ሊያወርዳት ሲል እምቢ ማለቷን ነው። ኮፒው ከደብዳቤው ጋር አለ። ሁለቱ ተኳርፈዋል እኔ መሀል ቤት ቀረሁ፣ ማን ነው ልክ?

መልስ፦ እህቴ፣ ባለቤትዎ የሰሙት ውሸት አይደለም፣ ግማሹን ስለሰሙት ነው። ጁን 29 ቀን 2023 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሀርቫርድና በኖርዝ ካሮላይና ዩኒቨርሲቲ ክስ ላይ፣ ተማሪ ሲመረጥ ዘሩን ራሱን እንደ ነጥብ መቁጠር አይቻልም አለ። ሳጥኑ ግን ድሮም በፍላጎት ነበር አሁንም በፍላጎት ነው፣ ለብዙ ኮሌጆች በአንዴ የሚሞላው የኢንተርኔት ፎርም ኮመን አፕም ኮሌጆቹ ከፈለጉ መልሱን እንዳያዩት መደበቅ እንዲችሉ አድርጓል። ብትሞላው አትጎዳም ብትተወው አታተርፍም፣ በሱ መኳረፉ ይቅር።

በነገራችን ላይ ነገሩ የቆየ ነው። በ1978 በካሊፎርኒያ የዴቪስ ህክምና ትምህርት ቤት ከ100 ቦታ 16ቱን ለአናሳ ዘሮች ለይቶ ሲይዝ ፍርድ ቤቱ ኮታ አይሆንም ግን ዘር ከብዙ ነገሮች አንዱ ሆኖ ሊታይ ይችላል ብሎ ነበር። በ2003 ደሞ የዚሁ ፍርድ ቤት ዳኛ ኦኮነር ከ25 ዓመት በኋላ ዘር ማየቱ አያስፈልግም ብለን እንጠብቃለን ብለው ጻፉ፣ 20ኛው ዓመት ላይ ቆመ። ለውጡም ወዲያው ታየ፣ ታዋቂው የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ በ2024 በተቀበላቸው አዲስ ተማሪዎች ውስጥ የጥቁሮቹ ድርሻ ከ13 በመቶ ገደማ ወደ 5 በመቶ ወረደ። የቀድሞ ተማሪ ልጅ ስለሆነ ብቻ የሚደረግለትን ማድላት ግን ያ ውሳኔ አልነካውም፣ እኔን የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ወደ ኤሴይው ስንመጣ ልጅትዋ ልክ ነች። ዋና ዳኛው ሮበርትስ ራሳቸው እዛው ውሳኔ ላይ፣ ተማሪው ዘር ህይወቱን እንዴት እንደነካው ቢጽፍ ኮሌጁ ማየት ይችላል ብለዋል፣ ብቻ የሚታይለት ነገር ከራሱ ድፍረትና ቁርጠኝነት ጋር መያያዝ አለበት፣ ኮሌጆቹም በኤሴይ አሳበው የተከለከለውን በጓሮ በር እንዳይመልሱት አስጠንቅቀዋል።

ኮፒውን አነበብኩት፣ ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ሁለት ገጽ ሙሉ ስለ አስተማሪው ነው፣ እንዴት እንዳያት፣ እንዴት እንደተናገራት፣ ምን እንደተሰማት። በየጠዋቱ ከደወል በፊት እየሄደች እሱ እያየ ቦርዱ ላይ ጥያቄ ትሰራ የነበረውን ግን በሁለት መስመር አልፋዋለች! ይሄን ሚዛን ትገልብጠው፣ አስተማሪው አንድ አንቀጽ ይበቃዋል፣ የቀረው ቦርዱ ይሁን፣ የትኛው ጥያቄ እንዳቃታት፣ ስንት ቀን እንደፈጀባት፣ ጠመኔው እጇ ላይ እንዴት እንደተሰበረ።

ባለቤትዎ የፈሯትን ቃል በተመለከተ፣ ሳስበው መጻፉም የግድ አይደለም። "እንደናንተ ላሉ ልጆች" ያላትን ግን እንዳለ ታስቀምጠው፣ እነማንን ማለቱ እንደሆነ ለሚያነበው ሰው አይጠፋውም።