አሮጌው ዴስክቶፕ ይጠገን ወይስ ይለወጥ?

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ጥያቄዎን በጥሞና አንብቤዋለሁ። የሒሳብና የጽሕፈት ሥራ የሚሠሩበት ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ኮምፒውተር ተነሥቶ ለሥራ እስኪደርስ ብዙ ደቂቃ እንደሚፈጅ፣ አልፎ አልፎም በሥራ መካከል በራሱ እንደሚጠፋ፣ ያዩት ባለሙያም «ጊዜው አልፎበታል፣ ሌላ ይግዙ» እንዳሉዎት ገልጸው፣ ማስጠገኑ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀዋል። የቢሮ ኮምፒውተሮችን በመጠገን ለረጅም ዓመታት የሠራሁ በመሆኔ የማውቀውን በዝርዝር ላስረዳዎት። የኔ ምክር ባጭሩ፣ አሁን ጥቂት ገንዘብ አውጥተው ያስጠግኑት፤ ነገር ግን ገንዘቡን ወደሚቀጥለው ኮምፒውተር አብሮዎት ሊሄድ በሚችል ዕቃ ላይ ብቻ ያውሉት የሚል ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ ማንም ባለሙያ ኮምፒውተሩን ሳይከፍተው የፒችትሪ (የሒሳብ ፕሮግራሙን) ባክአፕዎን፣ ማለትም የፋይሎቹን ቅጂ፣ በፍላሽ ወይም በውጭ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ። በራሱ የሚጠፋ ማሽን የተከፈተን የሒሳብ ፋይል ሊያበላሽ ስለሚችል፣ ይህ ለነገ የሚባል ጉዳይ አይደለም። በቪዥዋል ግዕዝ (በቆየው የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም) የተጻፉ የቆዩ ደብዳቤዎች ካሉዎትም ፎንቶቹን ጭምር ይቅዱ፤ እነዚህ ጽሑፎች በዩኒኮድ፣ ማለትም ዛሬ ሁሉም ኮምፒውተር በሚያውቀው የፊደል ሥርዓት፣ የተጻፉ ስላልሆኑ ፎንቱ በሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈቱ አማርኛው ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታያል።

ስለ መዘግየቱ ያለኝ ግምት ጠንካራ ነው። ማሽኑ 4 ጊጋባይት ራም (ሥራ ላይ ያለውን መረጃ ለጊዜው የሚይዝ ማኅደር) እና 500 ጊጋባይት ሃርድ ዲስክ እንዳለው ጽፈዋል። ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕ የተባሉትን ቁልፎች አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱና «ዲስክ» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ። ምንም ሳይሠሩበት 100 በመቶ ላይ ቆሞ የሚቆይ ከሆነ፣ የዘገየው ፕሮሰሰሩ (የኮምፒውተሩ አስሊ ክፍል) ሳይሆን ሃርድ ዲስኩ ነው። ሃርድ ዲስክ በሚሽከረከር ሰሌዳ ላይ እየተመላለሰ የሚያነብ መሣሪያ በመሆኑ፣ በተለያየ ቦታ የተበታተኑ መረጃዎችን በሰከንድ ከመቶ ገደማ ጊዜ በላይ ማንሣት አይችልም፤ ተራ የሚባለው ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው፣ በቺፕ ላይ መረጃ የሚያስቀምጥ ዲስክ) ግን ይህንኑ በአሥር ሺዎች ጊዜ ያደርገዋል። ስለዚህ 256 ጊጋባይት ኤስኤስዲ ብቻ ማስገባት ሌላ ማሽን የሰጡዎት እስኪመስልዎት ድረስ ይለውጠዋል። በሚገጠምበት ጊዜ ገመዱ በማዘርቦርዱ (ሁሉም ክፍሎች በሚሰኩበት ዋና ሰሌዳ) ላይ «ሳታ 0» ተብሎ በተጻፈበት መሰኪያ እንዲገባ ያድርጉ፤ ፈጣኑ መሰኪያ እሱ ነውና። በተጨማሪም ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለውን ነጻ ፕሮግራም ጭነው የሃርድ ዲስኩን ጤንነት ይዩ፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ ውሳኔው አልቋል፣ ዲስኩ መቀየር አለበት። ራሙን ወደ 8 ጊጋባይት ማሳደግም ይጠቅማል፤ ሆኖም ይህ ማሽን የሚጠቀመው ዲዲአር 3 ራም በአዳዲሶቹ ማሽኖች ላይ ስለማይገባ፣ ከተፈቱ ኮምፒውተሮች የወጣ ርካሽ ራም ካላገኙ በቀር ብዙ አይክፈሉበት።

በራሱ መጥፋቱ ግን ከመዘግየቱ የተለየ ምክንያት አለው፤ ያዩት ባለሙያ ሁለቱን አንድ አድርገው የቆጠሩት ይመስለኛል። ክዳኑን ከፍተው በፕሮሰሰሩ ማቀዝቀዣ ክንፎች መካከል ያለውን ይመልከቱ። የአዲስ አበባ አቧራ በዓመታት ውስጥ እንደ ብርድ ልብስ ወፍሮ አየር ይዘጋል፤ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባትም ደርቆ ይፈረፈራል። ማሽኑ ከተከፈተ ቆይቶ፣ በተለይም ሥራ ሲበዛበት የሚጠፋ ከሆነ የሙቀት ችግር ነውና በማጽዳትና ቅባቱን በመቀየር ይድናል። ያለ ምንም ሥርዓት፣ አንዳንዴም ገና እንደተነሣ የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩን (ለማሽኑ ኤሌክትሪክ የሚያከፋፍለውን ሣጥን) ይጠርጥሩ። የርስዎ ማሽን ትንሹ ዓይነት ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ የራሱ ቅርጽ ስላለው ገበያ ላይ ያለው ተራው አይገጥምለትም፤ ከዚያው ሞዴል የወጣ መፈለግ ይኖርብዎታል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሰዓትና ቀኑ ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ ባለ 3 ቮልቱን ክብ ባትሪ መቀየር ብቻ ይበቃል።

በፕሮሰሰሩ ዙሪያ ከቆሙት ካፓሲተሮች (ትንንሽ በርሜል የሚመስሉ የኤሌክትሪክ ክፍሎች) አናታቸው ያበጠ ወይም ፈሳሽ ያወጣ ካገኙ ግን ማዘርቦርዱ እየሞተ ነው። በዚህ ጊዜ አንድ ብር እንኳ እንዲያወጡበት አልመክርም፤ የሚገዙት ምትክ ማዘርቦርድም ያው እኩያው፣ ያገለገለ ነውና።

ጥገናው ለዘለቄታው እንዳልሆነም ማወቅ ይገባዎታል። ይህ ሞዴል በ2012 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር የወጣ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ሦስተኛ ትውልድ ነው። ዊንዶውስ 11 ከኢንቴል ቢያንስ ስምንተኛ ትውልድንና ቲፒኤም 2.0 የተባለውን የደኅንነት ቺፕ ይጠይቃል። ዊንዶውስ 10 ደግሞ መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ለግል ተጠቃሚዎች የተፈቀደው ተጨማሪ የደኅንነት ማሻሻያም እስከ ጥቅምት 3 ቀን 2019 ዓ.ም. ብቻ የሚቆይ ነው። ዊንዶውስ 11ን በማይመጥነው ማሽን ላይ በአቋራጭ የሚጭኑ ባለሙያዎች አሉ፤ ማይክሮሶፍት ለእንዲህ ያለው ማሽን ማሻሻያ ለመላክ ዋስትና ስለማይሰጥ፣ የደንበኞች ሒሳብ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ እንዲደረግ አልስማማም። ዊንዶውስን ትቶ ወደ ሊኑክስ (በነጻ ወደሚገኝ ሌላ የኮምፒውተር ሥርዓት) መዞር ለሌላ ሰው መልካም መፍትሔ ነው፤ የርስዎ ሥራ የቆመባቸው ፕሮግራሞች ግን ለዊንዶውስ የተሠሩ ናቸው።

ስለዚህ ኤስኤስዲው ተገዝቶ፣ ማሽኑ ጸድቶ፣ ሥራዎ ሳይቋረጥ ለምትኩ ገንዘብ ማጠራቀም ይጀምሩ። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮምፒውተር ዋጋ ምን ያህል እንደናረ ሁላችንም የምናየው ስለሆነ፣ አዲስ ፋብሪካ የወጣ መፈለግ ግድ አይደለም። ስላሽ ከሚባሉት (ያገለገሉ ግን ደኅና ከሆኑት) መካከል ኦፕቲፕሌክስ 7060 ወይም ኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ 4 ስምንተኛ ትውልድ ስለሆኑ ዊንዶውስ 11ን በሕጋዊ መንገድ ይቀበላሉ፤ የገዙትንም ኤስኤስዲ አውጥተው እዚያ ይገጥሙታል። በስም እንዳይታለሉ አደራ እላለሁ፤ ዴል 7010 የሚለውን ስም በ2023 ለሌላ አዲስ ሞዴል ደግሞ ስለሰጠው፣ በማስታወቂያ ላይ ያዩት «7010» የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው በፕሮሰሰሩ ትውልድ ነው። ገንዘቡን ከመክፈልዎ በፊት ማሽኑን እዚያው ሱቁ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሰዓት ያስነሡት፣ ክዳኑን ያስከፍቱና ካፓሲተሮቹን ይዩ፣ የዲስኩን ጤንነት ይፈትሹ፤ ይህን ለማስደረግ የሚያመነታ ሻጭ ካጋጠመዎትም ወደሚቀጥለው ሱቅ ይሂዱ።