ወረቀቱስ ተነሳ፣ ሙጫውን ምን እናድርገው?

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ። ሐዋሳ ነው የምኖረው። የወይን ጠጅና የማርማላታ ጠርሙስ እየሰበሰብኩ፣ ገመድ ጠምጥሜ ወይ ቀለም ቀብቼ የአበባ ማስቀመጫ እሠራለሁ። ያስቸገረኝ ጠርሙሱ ላይ የሚለጠፈው ወረቀት ሙጫ ነው። ኦሞ በጥብጬ ሳሳድረው ወረቀቱ ይነሳል፣ ሙጫው ግን እዚያው ነው። በድስት ሽቦ ስፈገፍገው ጭራሽ ጠርሙሱን ሁሉ ያዳርሰዋል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የቀባሁት ቀለም ሳይሰነብት ይላጣል። እናንተ እህታችሁን ምን ትመክሯታላችሁ?

መልስ፦ በቅድሚያ ሽቦውን ወዲያ በይው። ሙጫ አያነሳም፣ ጠርሙሱን ግን ሊጭረው ይችላል፤ ጭረት ደግሞ ብርሃን ሲያርፍበት ፍንትው ብሎ ነው የሚታየው።

ሙጫ ሁሉ አንድ አይደለም። አንዱ በውሃ የሚለቅ ነው፤ ከስታርች ወይም ከወተት ፕሮቲን የሚሠራ ሲሆን ቢራና ብዙ የወይን ጠጅ ጠርሙስ ላይ የምታገኚው እሱን ነው። ቢራ ፋብሪካዎች ተመላሽ ጠርሙስ በትኩስ ኮስቲክ ሶዳ የሚያጥቡት ንጽሕናውን ብለው ብቻ አይደለም፣ ወረቀቱም አብሮ እንዲነሳላቸው ነው። አደራ፣ አንቺ ኮስቲክ ሶዳ ቤትሽ እንዳታስገቢ! ዓይንም ቆዳም ያቃጥላል። ሳፋ ውስጥ ሞቅ ያለ ውሃ አድርገሽ ሁለት ሦስት ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሪበትና ጠርሙሱን ግማሽ ሰዓት ዘፍዝፊው፣ ይበቃዋል። ቤኪንግ ፓውደር አላልኩም። ባለሱቁ «ያው ነው» ቢልሽ እሺ አትበይው፤ ፓውደሩ አሲድና ስታርች የተቀላቀለበት ስለሆነ ለዚህ ሥራ ደካማ ነው።

አንቺን ያማረረሽ ሁለተኛው ሳይሆን አይቀርም፤ ከጀርባው ተልጦ የሚለጠፈው የስቲከር ሙጫ። የማርማላታና የማር ጠርሙስ ላይ፣ አሁን አሁን ደግሞ ወይን ጠጅ ላይም አለ። የሚሠራው ከጎማ ወይም ከአክሪሊክ ነው፣ ውሃ አያሟሟውም። ወረቀቱ ውሃ ጠጥቶ ይነሳልሻል፣ ሙጫው ግን ሲነከር ቢከርም ወይ ፍንክች! ለመለየት ቀላል ነው፤ እርጥብ ሆኖ ስትነኪው የሚያሙለጨልጭ ከሆነ የመጀመሪያው ነው፣ እንደ ማስቲካ ጣትሽን ይዞ የሚጎተት ከሆነ ሁለተኛው።

ስቲከር መሆኑን ካወቅሽ ሳትዘፈዝፊው በሙቀት ጀምሪ። የፀጉር ፎን ካለሽ አንዱን ጥግ አሙቂውና ቀስ እያልሽ ሳቢው፤ ቸኩለሽ ከጎተትሽው ወረቀቱ ይቀደድና ሙጫው ይቀራል። ፎን ከሌለሽ ጠርሙሱን በሙቅ ውሃ ሙይው፣ ከውስጥ ያሞቅልሻል። የፈላ ውሃ ግን ቀዝቃዛ ጠርሙስ ውስጥ አታፍሺ፣ ይሰነጠቃል።

ለተረፈው መድኃኒቱ ጓዳሽ ውስጥ አለ፤ ዘይት። የምግብ ዘይት ሙጫው ውስጥ ሰርጎ ያለሰልሰዋል፣ ከጠርሙሱ ጋር የያዘውንም ያላላዋል። ጠርሙሱን በደንብ አድርቂ፣ ዘይትና ቤኪንግ ሶዳ እኩል እኩል ለውሰሽ ቀቢውና ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተዪው። ከዚያ በጨርቅ ስታሺው እየተጠቀለለ ይወጣል። የደረቀበት ቦታ ካለ ጊዜው ባለፈበት የኤቲኤም ካርድ ጠርዝ ግፊው። ቫዝሊንም ይሆናል፣ ትንሽ ቆየት ይላል እንጂ።

ከዚህም ወዲያ እንቢ ካለ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አሴቶን ወይም አልኮል በጥጥ አድርገሽ ጥረጊው። ላምባም ይሠራል፣ ሽታው ግን አይጣል ነው፤ ኋላ በርበሬ ልጨምርበት ለምትይው ጠርሙስ ባትነኪው እመርጣለሁ። ሁሉም እሳት ይወዳሉ። መስኮት ክፈቺ፣ ከሰል በተያያዘበት ቤት ውስጥ ደግሞ በፍጹም።

ቀለሙ የሚላጥብሽ ዓይን የማያየው ስስ የሙጫ ወይም የቅባት ሽፋን ስለሚቀር ይመስለኛል። ዘይት ከተጠቀምሽ ደግሞ ይብሳል። በሙቅ ውሃና በላርጎ ሁለቴ እጠቢውና እንዲህ ፈትኚው፦ ንጹሕ ውሃ ከላይ አፍስሺበት። ውሃው ጠብ ጠብ እያለ ቦታ ቦታ ከተሰበሰበ ቅባት አለ፣ ድገሚው። ሳይቆራረጥ ለጥ ብሎ ከወረደ ጸድቷል። ከዚያ በአልኮል ጥረጊው፣ ሲደርቅም አንገቱን ብቻ ያዢ፤ የጣት ወዝም ቀለም ያስለቅቃል።

ሲደርቅ ነጭ ነገር ካንጠባጠበበት ሙጫ አይደለም፣ የውሃው ጨው ነው። አቼቶ ያነሳዋል። ግን አቼቶና በረኪና አንድ ላይ እንዳይገናኙ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣቸዋል። በረኪና ለሙጫ ምንም አይፈይድም፣ ለምን እንደሚሞከር አይገባኝም።

ጥያቄ፦ የለስላሳ ጠርሙስ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማስለቀቅ ፈልጌ ዘይትም አሴቶንም ሞከርኩ፣ ንክች አላለም። ከባሕር ዳር።

መልስ፦ አይለቅም ወንድሜ፣ አትድከም። እሱ ወረቀትም ሙጫም የለውም፤ ቀለሙ በከፍተኛ ሙቀት ጠርሙሱ ላይ የተጋገረ ነው። ከነጽሑፉ ተጠቀምበት ወይም ገመድ ጠምጥምበት። ደግሞ ተመላሽ ጠርሙስ ከሆነ መያዣ የተከፈለበት ነው፣ ባለሱቁ ሳይጠይቅህ በፊት ተነጋገሩ።

ጥያቄ፦ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው ያለሁት። እዚህ ጉ ጎን የሚባል የሙጫ ማስለቀቂያ ይሸጣል፣ ከዘይቱ ይሻላል?

መልስ፦ ይፈጥናል። ከነዳጅ የሚወጣ ማሟሟያና የብርቱካን ልጣጭ ዘይት ያለበት ስለሆነ መንገዱ ከዘይቱ ብዙም አይርቅም። እሱም ቅባት ትቶ ስለሚሄድ በሳሙና ሳታጥቡት ቀለም አትቀቡ። አንድ ሁለት ጠርሙስ ብቻ ከሆነ ግን ለምን ገንዘብ ታወጣላችሁ፣ ዘይቱ ቤት አለ አይደል?